አሥር ሰዓት ላይ ና

«ከእነዚህ ሁሉ ባሕር ዳርቻዎች የትኛውን ልምረጥ?»

ይህን ጥያቄ የላከልኝ አዲስ አበባ የሚኖር የትምህርት ቤት ወዳጄ ነው። በመጪው ጥር ሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስዶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሊወርድና ካይትሰርፊንግ የሚባለውን የውኃ ላይ ስፖርት ሊማር አስቧል። ሦስት የቦታ ስሞች ጽፎልኛል፦ የኬንያዎቹን ዲያኒንና ዋታሙን፣ የዛንዚባሯን ፓጄን። እኔ ናይሮቢ ስኖር ብዙ ዓመት ስለ ሆነኝ፣ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥርም ወደ ጠረፉ ስለምወርድ፣ መልሱ ኪሴ ውስጥ ያለ መስሎታል። አልተሳሳተም። ዳሩ ግን ከአሥር ዓመት በፊት ቢጠይቀኝ በአንድ መስመር የምጨርሰውን ጉዳይ ዛሬ በአንድ መስመር መመለስ አቃተኝ። ደብዳቤዬ እየረዘመ ሄደ። ከረዘመ አይቀር ውድ አንባቢም ቢካፈለው ብዬ እነሆ እዚህ አወጣሁት።

ስፖርቱን ለማያውቅ ባጭሩ ልግለጸው። ሰውየው እግሩን አንዲት ሳንቃ ላይ ያሳርፋል፤ ወገቡን በጠንካራ መታጠቂያ ይታጠቃል፤ ከመታጠቂያው 24 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፤ በገመዶቹ ጫፍ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የጨርቅ ክንፍ ይንሳፈፋል። ካይት የሚባለው እርሱ ነው። ንፋስ ካይቱን ይጎትታል፣ ካይቱ ሰውየውን፣ ሰውየውም ሳንቃውን ይዞ በውኃው ላይ ይሄዳል። የካይቱ ጠርዝ በአየር የተነፋ ቱቦ ስለ ሆነ ባሕር ላይ ቢወድቅም አይሰጥምም። ይህን ብልሃት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1984 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት አስመዝግበውታል። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ስፖርቱ ማርሴይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ተሰጠበት።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ባሕር በዓይኔ ያየሁት ጎልምሼ ነው። ስለዚህ ይህንን ሁሉ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን ብዙ ጨው እንደ ጠጣ ተማሪ ነው።

ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ንፋስ ነው፤ ወዳጄም የጠየቀኝ እርሱኑ ነው። እውነትም ያለ ንፋስ ካይት ጨርቅ ነው። በዚህ ጠረፍ ንፋስ ሁለት ስም አለው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፤ ክረምታችን በሚሆንበት በሰኔና በመስከረም መካከል ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ በርትቶ የሚነፍሰው ደግሞ ኩሲ። በስዋሂሊ ሰሜንና ደቡብ ካስካዚኒና ኩሲኒ የሚባሉት በእነዚሁ ንፋሶች ስም ነው። ከዓረብና ከሕንድ የሚነሡ ባለሸራ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በካስካዚ እየወረዱ፣ ንፋሱ እስኪዞር ወራት እየጠበቁ፣ በኩሲ ይመለሱ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ይበረታል፣ ንፋሱም አይታመንም። ስለዚህ በጥር የሚመጣ ሰው ካስካዚን ያገኛል፤ በዚህ በኩል ወዳጄ ወሩን ሳያውቅ አሳምሮ መርጧል።

ነገር ግን ከጥንካሬው ይልቅ አቅጣጫው ይበልጣል። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ብርቱ ነገር ወዴት እንደሚወስድህ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ንፋስ ካይቱ የወደቀበትን ሰው ወደ ውቅያኖስ ይዞት ይሄዳል። ከባሕር ወደ የብስ አግድም የሚነፍስ ግን ቢወድቅ እንኳ አሸዋው ላይ ያደርሰዋል። ፓጄ በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ስላለች ካስካዚ ከግራ፣ ኩሲ ከቀኝ አግድም ይመጣላታል። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ንፋስ፣ በደሴቱ ምዕራብ በስቶን ታውን በኩል ባሕር የገባ ሰው ከየብስ ይርቃል። የንፋስ ትንበያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ግማሹን ነገር አላየም።

ቀጥሎ የሚመጣው የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። ለእኛ ለሐይቅና ለወንዝ ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ነው። ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል፤ በዛንዚባር እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በእነዚያ ቀናት በዚህ ጠረፍ ባሕሩ እጅግ የሚጎድለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ እጅግ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠባል፣ ሰዓቱም ይገለበጣል። ጠዋት ስትዋኝበት የነበረው ቦታ ሌላ ቀን በዚያው ሰዓት በባዶ እግር የሚሄዱበት እርጥብ አሸዋ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ንፋስንና የባሕሩን ሰዓት ካወቅህ በኋላ የወለሉ ጉዳይ ይመጣል፦ አሸዋ ነው ወይስ ኮራል? እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለበት ወይስ የለበትም? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም ለዓመታት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ምርጫዬ ሁሉ ስለ ውኃው ነበር፤ በውኃው አጠገብና በውኃው ውስጥ ስላሉት አልጠየቅሁም።

አሁን ወዳጄ የጻፈልኝን ሦስት ስሞች በሌላ ዓይን ልያቸው።

ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ የምትገኝ ነጭ አሸዋ ናት። ማዕበሉን የሚሰብር የኮራል አጥር ከዳርቻው ራቅ ብሎ ስላለ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውኃ ገር ነው። ካይተኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰቡት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ጋሉ በሚባለው በኩል ነው። ባሕሩ እጅግ በሞላ ጊዜ አሸዋው ይጠብና ካይት የሚዘረጋበት ቦታ ያስቸግራል። ከጋሉ ጥቂት ራቅ ብሎ የዲጎ ሕዝብ ቅዱስ ጫካ፣ ካያ ኪኖንዶ፣ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የሚጂኬንዳ ካያ ጫካዎች አንዱ ነው። ወደዚያ የሚገባ እንግዳ ብቻውን አይገባም፤ የአካባቢው ሰው ይመራዋል፤ ወገቡን በጥቁር ጨርቅ ይታጠቃል፤ ቅጠል አይቀጥፍም። አንድም ጎብኚ ይህ በዛብኝ ሲል አልሰማሁም። ሁላችንም ጨርቁን ታጥቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ገብተናል። ከዚያ ወጥተን ወደ ባሕሩ ስንሄድ ግን የማንንም ፈቃድ አልጠየቅንም።

ዋታሙ ከማሊንዲ በስተደቡብ ናት። ከፊት ለፊቷ ያለው ባሕር ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ነው። አስተዳዳሪው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። የባሕር ኤሊዎች በሌሊት ወደ አሸዋዋ እየወጡ እንቁላላቸውን ይቀብራሉ። ስለዚህ ዋታሙ የሚወርድ ሰው የት መግባት እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ባይጠይቅ ሕግ ያስጠይቀዋል።

ካያ ኪኖንዶን ልማድ ይጠብቃታል፤ ዋታሙን ሕግ ይጠብቃታል። ሦስተኛይቱን፣ ፓጄን፣ ማን ይጠብቃታል? ይህን ጥያቄ የተማርኩት አጥፍቼ ነው።

ጊዜው ጥር ወር 2016 እ.ኤ.አ. ነበር። ጨረቃ ሙሉ ሆና ገና ሁለት ቀን አልፏታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ካስካዚ ቀድሞ ተነሥቶ ነበርና ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ካይቴን ነፍቼ ገባሁ። ባሕሩ እየጎደለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወለሉ አሸዋ መሆኑንም አውቃለሁ። ከውኃው በታች፣ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት፣ በመቶ የሚቆጠሩ የእንጨት ችካሎች በሰልፍ መተከላቸውን ግን አላወቅሁም። አሳይቶ ያስተማረኝ ሰውም ስለ ንፋሱ እንጂ ስለ ችካሉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጀማሪ ካይተኛ ንፋሱን ተቃውሞ መውጣት አይችልም፤ ሁልጊዜ ንፋሱ ወደሚሄድበት ይንሸራተታል። እኔም ወደ ደቡብ ተንሸራተትሁ። ካይቴ ወደቀ። ገመዶቼ ከችካሎቹና በችካሎቹ መካከል ከተወጠሩት ሌሎች ገመዶች ጋር ተጠላለፉ። ካይቱ እንደ ገና ንፋስ ሲይዝ እኔንም ገመዱንም ችካሉንም አንድ ላይ ጎተተን። ደኅንነት መልቀቂያውን ስቤ ነገሩ ሲያበቃ ውኃው በተበጣጠሰ ቀይ ቡናማ ቅጠል ተሞልቶ ነበር።

ያ ቅጠል በስዋሂሊ ምዋኒ ይባላል፤ የባሕር አረም ብንለው ያስኬዳል፣ አረም ማለቱ ግን የሚዘሩትን ሰዎች ማሳነስ ይሆናል። ዛንዚባር ውስጥ ለገበያ መመረት የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. በዚችው በፓጄና በጎረቤቷ በጃምቢያኒ ነው። ዘሩ የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ካራጂናን የተባለ ነገር በዓለም ዙሪያ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ያረጋል። ከገበሬዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ባሕሩ እጅግ በሚጎድልባቸው ቀናት ከነቀሚሳቸው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ ትንንሽ ቡቃያዎችን አንድ በአንድ በገመድ ላይ ያስራሉ፤ ገመዱን በችካሎች መካከል ይወጥራሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰብስበው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ደርቆ በኪሎ ይሸጣል። የብዙዎቹ ሴቶች የራሳቸው የሚሉት የመጀመሪያ ገንዘብ በዚህ መንገድ እጃቸው ገባ፤ ቤት ያቆሙበትም፣ ልጅ ያስተማሩበትም አሉ።

የገመዱ ባለቤት እኔ እዚያው ተጣብቄ ሳለሁ መጡ። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ውኃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። እጃቸው ላይ ቢላ ይዘዋል። «ሺካሞ» አልኋቸው፤ በስዋሂሊ ታናሽ ለታላቅ የሚሰጠው ሰላምታ ነው፣ እጅ እንደ መንሣት ያለ። «ማራሃባ» ብለው ተቀበሉኝና ያለ አንዳች ቃል የእኔን ገመድ ከእርሳቸው ገመድ መፍታት ጀመሩ። በቢላው አንዱን ቢቆርጡ ሥራው ባፍታ ባለቀ ነበር። አልቆረጡም። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ የተበጠሰውን ቅጠል ከውኃው እየለቀሙ በጆንያ ከተቱ። እኔም አብሬ ለቀምሁ።

«ይህ ነገር ስንት ያወጣል?» አሉኝ ካይቴን እያሳዩ።

የዋጋውን ሲሶ ነገርኋቸው። ዋሸሁ። እውነተኛውን ቁጥር ከአፌ ማውጣት አፈርሁ። የነገርኋቸውም ቢሆን ብዙ ነበርና ዝም አሉ።

ከሰፈር ተመልሼ ገንዘብ አመጣሁ። የገመዱንና የተሰበሩትን ችካሎች ዋጋ ቆጥረው ተቀበሉ። የምዋኒውን ግን አልቀበልም አሉ። «ገና አልደረቀም፤ ሳይደርቅ ዋጋ የለውም» አሉኝ። እኔም ክርክር ጀመርሁ፤ እርሳቸው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቀና ሳይሉም «ልጄ፣ ንጆ ሳ ኩሚ» አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ ና ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውድ አንባቢን አንድ ነገር ላስታውስ። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛ ሰዓት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ፈረንጆቹ ከጠዋቱ ሰባት የሚሉትን እነርሱም እኛም አንድ ሰዓት እንላለን። ስለዚህ አሥር ሰዓት ሲሉኝ ምንም ሳላሰላ ገባኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባሕሩ እጅግ ሲሞላ፣ ችካሎቹ ከእግሬ ብዙ ርቀው በሚቀበሩበትና ሴቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ቤታቸው በሚገቡበት ጊዜ ማለታቸው ነው። በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ሄድሁ። ባሕሩ ሰፊ ነበር፤ ካይቴ ማንንም አልነካም።

በማግሥቱ ግን ያየሁት ነገር ከራሴ ጥፋት ይልቅ አሳሰበኝ። እኔ ባረፍሁበት ቤት ያረፈ አንድ አውሮፓዊ እንግዳ ነበር፤ ትሑትና ጨዋ ሰው። የእኔን ታሪክ ሰምቶ እርሱም አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት አምኖ ነበር። ከመዝገበ ቃላት በለቀማቸው ቃላት ሴቶቹን ጠየቀ፤ እነርሱም «ሳ ኩሚ» አሉት። ኩሚ አሥር መሆኑን በመጽሐፉ አረጋገጠ። በነጋታው በእርሱ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ባሕሩ እጅግ ጎድሎ ሴቶቹ ሁሉ በማሳቸው ባጎነበሱበት ሰዓት፣ ካይቱን ነፍቶ መጣ። ሴቶቹ ቀና ብለው ሲያዩት የተፈቀደለት ሰው ፈገግታ ሰጣቸው። ሮጬ ካይቱን ያዝሁበት። ጉዳዩን ሳስረዳው ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ እየጠየቀ ካይቱን አስተነፈሰ።

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ጠይቋል፤ መልስም አግኝቷል። የጎደለው መልሱን በሰጪዎቹ ሰዓት መስማት ነበር። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለም? የባሕሩንም ነገር በባሕሩ ሰዎች ሰዓት ካልሆነ አይጨብጡትም።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። የካይት ባሕር ዳርቻ ሲመረጥ ከንፋሱ ፍጥነት በፊት መጠየቅ ያለበት «በዚህ ውኃ ውስጥ ማን ይሠራል? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት?» የሚል ነው። የባሕር ዳርቻዎችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎችን ብዙ አንብቤአለሁ። የንፋስ ወራት አላቸው፣ የውኃ ሙቀት አላቸው፣ የማረፊያ ዋጋ አላቸው። ስለ ሠራተኞቹ የሚያነሱት ካለም «በአካባቢው የባሕር አረም እርሻ ስላለ ይጠንቀቁ» በሚል አንድ መስመር፣ ከእሾሃሙ የባሕር ፍጥረት ቀጥሎ ነው። ገበሬይቱ በእንግዳው መንገድ ላይ እንዳለች እንቅፋት ተቆጠረች። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እኛ በገጠር ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በሰው የጤፍ ማሳ መካከል ፈረስ የሚጋልብ ጎረምሳ «ሜዳው ደልዳላ ነው፣ ፈረሱም ይሮጣል» ቢል ማን ይሰማዋል?

የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው «ባሕር የማንም አይደለም» የሚል ነው። ውኃው የማንም ላይሆን ይችላል። ችካሉ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ገመዱም፣ ስድስት ሳምንት የተጠበቀው ቡቃያም። አጥር ስለሌለው ማሳ መሆኑ አይቀርም። እንዲያውም አጥር የሌለው ማሳ የሚጠበቀው በመንገደኛው ይሉኝታ ብቻ ስለ ሆነ፣ ይሉኝታው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ቱሪዝም ከምዋኒ ይልቅ ለመንደሩ ይጠቅማል» የሚል። ሐሰት አይደለም። ያስተማረኝ ወጣት የፓጄ ልጅ ነው፤ በካይት እንጀራውን ያበስላል። የምዋኒ ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑን፣ ሥራውም ወገብ የሚያጎብጥ መሆኑን ሴቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ነገር ግን ለልጁ የሚከፈለው ገንዘብ የእናቱን ገመድ ለመበጠስ ፈቃድ አይሆንም። እናትየዋ ምዋኒውን ትታ ሌላ ሥራ ልትመርጥ ትችላለች፤ ምርጫው ግን የእርሷ ይሁን እንጂ የእኔ ካይት አይወስንላት። ደግሞም ሁለቱ ጥቅሞች የግድ አይጋጩም። ባሕሩ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ፊት አለው፤ ሲጎድል ለእርሷ፣ ሲሞላ ለልጇና ለእንግዳው።

ሦስተኛው ደግሞ «ምዋኒው ራሱ እየሞተ ነው» የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። የተሻለ ዋጋ የሚያወጣውና ኮቶኒ የሚባለው ዓይነት ባሕሩ እየሞቀ በመሄዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየታመመ አስቸግሯል። ቀዝቀዝ ወዳለው፣ ወደ ጥልቁ ውኃ ወስዶ መትከል መፍትሔ ነው ይባላል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ግን ዋና አይችሉም። እንግዲህ በአንድ በኩል ሙቀት ከዳርቻው ወደ ጥልቁ የሚገፋቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ እኛ ከጥልቁ በኩል በካይት መጥተን መሀል ላይ ብናጣብቃቸው ከየት ወዴት ይሂዱ? የደከመ ነገር ስለ ደከመ አይረገጥም።

ያን ያህል ካልሁ በኋላ ራሴን ንጹሕ ላደርግ አልፈልግም። ካይቴን አልተውሁትም። በየዓመቱ እመለሳለሁ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፣ የበጠስሁት ምዋኒ ተመልሶ አይበቅልም። አንድ ውሸቴም እስከ ዛሬ አልታረመም፤ የካይቱን እውነተኛ ዋጋ ለእኒያ እናት ነግሬአቸው አላውቅም። የተለወጠው የአመራረጤ ሥርዓት ነው። ለወዳጄም የምመክረው ይህንኑ ነው።

በደረስህ የመጀመሪያ ቀን ካይትህን ከቦርሳው አታውጣ። ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት በእግርህ ውረድ። ችካሎቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያበቁ በዓይንህ እይ፤ በውኃ ሲሸፈኑ የምታስታውሳቸው በየብስ ካለ ዛፍ ወይም ቤት ጋር አስተያይተህ ነው። በጥር ካስካዚ ወደ ደቡብ ስለሚወስድህ ከምትነሣበት ቦታ በስተደቡብ እርሻ መኖር የለበትም፤ በሐምሌ ኩሲ ወደ ሰሜን ስለሚወስድህ በስተሰሜን። እርሻው ውኃው ሲጋመስ እጅግ አደገኛ ነው፤ ችካሉ ከላይ አይታይም፣ ከታችም አልራቀም። የሚሠሩትን ሰዎች ቀርበህ ሰላም በል፤ ከአንተ ለሚበልጡት «ሺካሞ» ማለት አትርሳ። ከዚያ ሰዓቱን ጠይቅ። ሰዓቱን ደግሞ በየቀኑ ጠይቅ፤ ጨረቃዋ ስለምትጓዝ የባሕሩ ሙላት ከቀን ወደ ቀን 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የዛሬው አሥር ሰዓት የመጪው ሳምንት አሥር ሰዓት አይደለም፤ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ባሕሩ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

የት ሂድ ትለኛለህ? ፓጄ ሂድ። ለጀማሪ በጥር ወር ንፋሷ አግድም ነው፤ ወለሏ አሸዋ ነው፤ ከኮራል አጥሩ ወዲህ ያለው ውኃዋ ለወደቀ ሰው ይራራል። እኒህ ሁሉ ግን ሴቶቹ ፈቅደው በሰጡህ ሰዓትና ቦታ ብቻ ያንተ ናቸው። ሰዓቱ ካልተመቸህ፣ ወይም ያረፍህበት ቤት ሰዎች ስለ እርሻው ስትጠይቃቸው ትከሻቸውን ከነቀነቁ፣ ካይትህን ሳትዘረጋ ሌላ ዳርቻ ፈልግ፤ ጠረፉ ረጅም ነው።

ከአዲስ አበባ ስትነሣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። አውሮፕላኑ ውስጥ እንደ ሌሎቹ መንገደኞች ሰዓትህን ለማስተካከል እጅህን አታንሣ። ዛንዚባርና አዲስ አበባ በሰዓት አይለያዩም፤ አቆጣጠሩም አንድ ነው። እኒያ እናት ካገኙህና «ሳ ኩሚ» ካሉህ እጅህ ላይ ያለውን የሐበሻ ሰዓት ተመልከት። አሥር እስኪሆን ድረስ ጠብቅ።